«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»፦ ቀስ ማለት መጠበቅ ነው እንዴ?

ይህን አባባል ብዙ ጊዜ የምንሰማው ከሁለት ዓይነት ሰው አፍ ነው። አንደኛው ሥራ ጀምሮ የዘገየበትን ሰው የሚያጽናና ነው፤ «አይዞህ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይለዋል። ሌላው ገና ያልጀመረው ነው። «ታዲያ መቼ ልትጀምር ነው?» ሲባል ትከሻውን ሰበቅ አድርጎ «ቀስ በቀስ» ይላል፤ ከአባባሉ ሁለት ቃል ብቻ ቆርሶ ይተኛበታል። የመጀመሪያው ሰው አባባሉን በቦታው ተጠቅሞበታል። ሁለተኛው ገልብጦታል።

ላይ ላዩን ትርጉሙ አያስቸግርም። ዛሬ እግርም ዓይንም የሌለው ድቡልቡል ነገር ጫጩት ይሆናል፣ ጫጩቱም ተነስቶ ይራመዳል፤ የማይሆን የሚመስለው በትንሽ በትንሹ ይሆናል ማለት ነው። እንደ አብዛኞቹ ምሳሌያዊ አነጋገሮች ይህም የደራሲ ስም የለውም። ከምን እንደተነሳ ግን ራሱ ይናገራል፤ ዶሮ ስትታቀፍ ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው አባባል ነው። ስለዚህ ምስጢሩን ለማግኘት ቃላቱን ከመሰንጠቅ ይልቅ ወደ ታቀፈችው ዶሮ መሄድ ይሻላል።

መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ እንቁላል 21 ቀን ቢቆይ እግር አያወጣም፤ ይበላሻል እንጂ። የታቀፈችው ዶሮ ሥር ያለው ግን በዚያው 21 ቀን ውስጥ ጫጩት ይሆናል። ጊዜው እኩል ነው፤ ልዩነቱ ላዩ ላይ የተቀመጠችው ናት። 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሆነ ሙቀት ሳታቋርጥ ትሰጠዋለች፤ በቀን ውስጥ ደጋግማ በመንቁሯ ወደ ራሷ እየሳበች ታገላብጠዋለች። ካልተገላበጠ ሽሉ ከቅርፊቱ ውስጠኛ ሽፋን ጋር ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። ከሩቅ ለሚያያት ግን ፈዛ የተቀመጠች ዶሮ ናት። «ቀስ በቀስ» የሚለው ቃል ያለው እዚህ ነው፦ ለዓይን የማይሞላ፣ ግን በየሰዓቱ የሚደጋገም ሥራ።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ዶሮዋን እንድትታቀፍ የሚገፋፋት ፕሮላክቲን የሚባል ሆርሞን ነው። ይህ ሆርሞን ከፍ ብሎ እንዲቆይ የሚያደርገው ደግሞ መታቀፉ ራሱ፣ እንቁላሎቹ ሆዷን መንካታቸው ነው። እንቁላሎቹን ከሥሯ ቢወስዱባትና ከጎጆዋ ቢያርቋት ሆርሞኑ ይወርዳል፣ የመታቀፍ ፍላጎቷም ይጠፋል። ፍላጎቱ ያስቀምጣታል፤ መቀመጧ ደግሞ ፍላጎቱን ያቆየዋል።

እኛ ግን «ሙዱ ሲመጣ እሠራለሁ» እንላለን።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ትንሽ ልበል። ዛሬ ሥራ የማይወደውን ሰው «ሰነፍ» እንለዋለን። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ግን «ሰነፍ» ብዙ ጊዜ ሞኝ ማለት ነው፤ መዝሙረ ዳዊት 14 ላይ አምላክ የለም የሚለው ሰው «ሰነፍ» ተብሏል። ምሳሌ 6 ላይ ከጉንዳን እንዲማር የሚመከረው ሥራ ጠል ሰው ግን ስሙ «ታካች» ነው። ታከተ፣ ታካች። ይህ ቃል ከ«ሰነፍ» ይልቅ ነገሩን ይይዘዋል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ስንፍና የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ሥራው ገና ሳይነካ የሚታክት ሰው ድካም ነው። ዓይናችን ሙሉውን ክምር በአንድ ጊዜ ያየዋል፣ ጉልበታችን በሐሳብ ብቻ ያልቃል። (ሳምንታት አልፈው ምንም ነገር የማያስደስተው፣ እንቅልፉም ምግቡም የተዛባበት ሰው ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ እሱ ሐኪም እንጂ ተረትና ምሳሌ አያስፈልገውም።)

የራሴን ልናገር። አንድ ረጅም ጽሑፍ ነበረብኝ። ፋይሉን በየማለዳው እከፍታለሁ፣ ብልጭ ድርግም የምትለውን ጠቋሚ አያታለሁ፣ እዘጋለሁ። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። አንድ ምሽት፣ ከንዴት ብዛት ይመስለኛል፣ የመጣልኝን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ሳላስብ ጻፍኩ። በጣም መጥፎ ነበረች፤ ግሡ ከባለቤቱ አይስማማም፣ «እና» ሦስት ጊዜ ገብቶባታል። ልዘጋው ስል መጥፎነቷ አላስችለኝ አለ። አንዱን «እና» አወጣሁ። ግሡን አቃናሁ። ቀጥሎ ምን መምጣት እንዳለበት ታየኝና እሱንም ጻፍኩ። ቀና ስል አርባ ደቂቃ ሄዷል። ስቀመጥ ፍላጎት አልነበረኝም፤ የመጣው አንዱን «እና» ካወጣሁ በኋላ ነው።

ስለ 21 ቀን ካነሳን፣ «አዲስ ልማድ በ21 ቀን ይተከላል» የሚል ወሬ በየቦታው አለ። ለእንቁላሉ እውነት ነው፤ ለሰው ግን አይደለም። ወሬው የተነሳው ማክስዌል ማልትዝ ከሚባል አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ነው። ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ እንደሚፈጅባቸው በ1960 እ.ኤ.አ. ጻፈ፤ «ቢያንስ» የምትለዋ ቃል ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ወደቀች። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 96 ሰዎች አንዳንድ ትንሽ ልማድ መርጠው ለ12 ሳምንት ተከታተሉ። ድርጊቱ ሳይታሰብበት የሚደረግ እስኪሆን የሚወስደው ጊዜ ከ18 እስከ 254 ቀን እንደሚለያይ ከ12 ሳምንቱ መረጃ ተነስቶ በስሌት ተገመተ፤ መካከለኛው 66 ቀን ነበር። ጀምሮ በ22ኛው ቀን «እኔ አልሆንኩም» ብሎ የተወ ሰው ስንት ይሆን!

ከዚያ ጥናት አንድ ሌላ ነገር ልቤን አሳርፎታል፦ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላበላሸውም። ዶሮዋም ብትሆን እኮ በቀን አንዴ ያህል ተነስታ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ በአፈር ትታጠባለች፣ ትመለሳለች፤ እንቁላሉ በዚያች አጭር ጊዜ አይሞትም። የሚገድለው ሳትመለስ ስትቀር ነው። «ትናንት አልሠራሁም፣ እንግዲህ ከሰኞ» የሚለው ሰው አንድ ቀን የቀዘቀዘውን እንቁላል ሙሉ ሳምንት ያቀዘቅዘዋል።

መለካት የሚወድ ሰው ደግሞ ይህን ይስማ። እየታቀፈ ያለ እንቁላል ከቅርፊቱ ቀዳዳዎች ውኃ ስለሚተንበት እስኪፈለፈል ድረስ ከክብደቱ ከመቶ 12 ያህሉን ያጣል። በሚዛን ብቻ ብንፈርድ በየቀኑ ወደ ኋላ እየሄደ ነው፤ ውስጡ ያለው ልብ ግን ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ይመታል።

የቀረችው «በእግሩ» የምትለዋ ቃል ናት። ሰው አባባሉን ሲጠቅስ ያልፋታል፣ እኔ ግን ክብደቱ እሷ ላይ ነው እላለሁ። እንቁላል እኮ ሳይፈለፈልም ይሄዳል፤ ሰው ይዞት ይሄዳል፣ ቁልቁለት ካገኘም ተንከባሎ ይሄዳል። ጠዋት ጠዋት የሚያነቃቃ ንግግር ሰምቶ እስከ ረፋድ የሚሮጥ ሰው እንደዚያ ነው፤ ቁልቁለቱ ሲያልቅ ይቆማል። አባባሉ ይሄዳል ብቻ አላለም፤ በእግሩ አለ። እግሩ ደግሞ የሚበቅለው ማንም በማያየው ቦታ፣ በእነዚያ አሰልቺ ቀናት ውስጥ ነው። የጊዜው ፍጻሜ ሲደርስ ቅርፊቱን የሚሰብረው ጫጩቱ ራሱ ነው፤ ብዙ ሰዓት ይፈጅበታል፣ እየመታ ያርፋል፣ እያረፈ ይመታል። አዝኖለት ከውጭ የሚሰብርለት ሰው ገና ያልደረቁ የደም ሥሮቹን ሊበጥስበት ይችላል። ሲወጣም አምሮበት አይደለም፤ ርጥብ ነው፣ ሁለት ጊዜ ይነሳል፣ ሦስት ጊዜ ይወድቃል።

ያ ጽሑፌ በመጨረሻ አለቀ። ያቺ ሦስት «እና» የነበረባት ዓረፍተ ነገር ግን በውስጡ የለችም፤ ጽሑፉን ሳርም ሰርዣታለሁ።