የመሐል ፊትን ለመሙላት በሚደረግ የውበት ቀዶ ሕክምና የሚያገለግሉ ቁሶች

የመሐል ፊት በዋናነት ቅርጹን የሚያገኘው ከጉንጭ አጥንትና ከላይኛው መንጋጋ ነው። እነዚህ አጥንቶች በተፈጥሮ ዝቅ ያሉ ሲሆኑ ወይም በዕድሜ ምክንያት አጥንቱም ስቡም ሲሳሳ፣ ሐኪሞች ጉድለቱን ከታካሚው ሰውነት በተወሰደ ሕብረ ሕዋስ ወይም በፋብሪካ በተሠራ ኢምፕላንት (ሰውነት ውስጥ በሚቀመጥ ሰው ሠራሽ አካል) ይሞሉታል። ማንኛውም ቁስ የሚመዘነው ከሰውነት ጋር በመዋሐዱና ችግር ሲፈጠር በቀላሉ በመውጣቱ ነው፤ ችግሩ አንዱ ሲጠነክር ሌላው መላላቱ ነው።

ጀርመናዊው ሐኪም ጉስታቭ ኖይበር በ1893 እ.ኤ.አ. ከክንድ የተወሰደ ስብ ለፊት ጠባሳ መሙያ መጠቀሙን አስታውቆ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ሮበርት ገርሱኒ በቪየና ያስተዋወቀው የፓራፊን (ሰም መሰል ቁስ) መርፌ ርካሽና ፈጣን በመሆኑ ተስፋፋ፤ ፓራፊኑ ከዓመታት በኋላ በሥጋ ውስጥ ጠጣር እብጠት ሲፈጥርና ከቦታው ሲንሸራተት ታየ። የተበተነ ነገር ለቅሞ ማውጣት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ያን ጊዜ ታወቀ።

ዛሬ ስብ ከሆድ ወይም ከጭን ተመጥጦና ተጣርቶ በቀጭን ቱቦ ጉንጭ ውስጥ ይገባል። ሰውነት የራሱን ስብ እንደ ባዕድ ባይቆጥረውም ከፊሉ በሰውነት ውስጥ ተመጥጦ ስለሚጠፋ ሥራው ሊደገም ይችላል፤ አልፎ አልፎም ስቡ ደም ቅዳ ውስጥ ገብቶ ዓይን ሊያሳውር ይችላል። የራስ አጥንትም ይተከላል፤ ከራስ ቅል የተወሰደው ከዳሌ ከተወሰደው ይልቅ መጠኑን የመጠበቅ ዕድል አለው።

ከሰው ሠራሽ ቁሶች ጠጣር ሲሊኮን ቀዳዳ ስለሌለው ሰውነት ዙሪያውን በቀጭን ሽፋን ያጥረዋል እንጂ ወደ ውስጡ አያድግም። ስለዚህ ማውጣቱ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሊንሸራተት፣ በሥሩ ያለውን አጥንትም ቀስ በቀስ ሊያሳሳ ይችላል። ሜድፖር በሚል ስም የሚታወቀው ባለ ቀዳዳ ፖሊኢትሊን ግን ቀዳዳዎቹ ከ100 ማይክሮሜትር (ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ) ስለሚበልጡ ደም ሥርና ሥጋ ይገቡበታል። በቦታው ጸንቶ ይቆያል፤ ማውጣት ካስፈለገ ግን ሐኪሙ ሥጋውን እየላጠ መሥራት ይገደዳል። ጎርቴክስ የሚባለው የተለጠጠ ቴፍሎን በባሕርዩ በሲሊኮንና በሜድፖር መካከል ያለ ነው። ፒክ የተባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ደግሞ በሲቲ ስካን ምስል መሠረት ለአንድ ሰው ፊት ብቻ ተለክቶ ሊሠራ ይችላል።

ኢምፕላንቱ ብዙ ጊዜ የሚገባው ከላይኛው ከንፈር ሥር በሚደረግ ቅድ ነው። ጠባሳው አይታይም፤ የአፍ ባክቴሪያ ግን ለኢንፌክሽን መንገድ ያገኛል። ሐኪሙ ለኢምፕላንቱ ኪስ ሲያዘጋጅ ከዓይን ጉድጓድ በታች የሚወጣውን ነርቭ መጠበቅ አለበት፤ ነርቩ ከተጎዳ ጉንጭና የላይኛው ከንፈር ለጊዜው ወይም ለዘለቄታው ይደነዝዛሉ።