የቫይታሚን ዲ እጥረትና የደም ግፊት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የደም ግፊት ያለበት ሰው ላቦራቶሪ ሄዶ ቫይታሚን ዲው አንሶ ሲገኝ፣ የግፊቱ ምክንያት የተገኘ ይመስለዋል። አንዳንዱም የቫይታሚኑን እንክብል ገዝቶ የግፊት መድኃኒቱን፣ አምሎዲፒኑን ወይም ኢናላፕሪሉን፣ ያቆማል። ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ስለማይሰጥ ስህተቱ ለወራት ሳይታወቅ ይቆያል፤ የሚታወቀው ስትሮክ ወይም የኩላሊት ጉዳት ሲመጣ ሊሆን ይችላል። በተደጋጋሚ የሚነገሩትን አባባሎች አንድ በአንድ የምናነሳው ለዚህ ነው።

"ቫይታሚን ዲ ሲያንስ ግፊት ይወጣል፤ ስለዚህ ቫይታሚኑ ሲሞላ ግፊቱ ይወርዳል"

የመጀመሪያው ግማሽ ከእውነት አይርቅም። በተለያዩ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች ቫይታሚን ዲያቸው ዝቅ ያለ ሰዎች የደም ግፊት በብዛት ታይቶባቸዋል። ምክንያት ሊሆን የሚችል ነገርም ተገኝቶ ነበር። ኩላሊት ሬኒን የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ ሬኒን ሲበዛ የደም ሥር ይጠብባል፣ ጨውና ውኃም በሰውነት ውስጥ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2002 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የወጣ የአይጥ ጥናት፣ ቫይታሚን ዲ እንዳይሠራባቸው የተደረጉ አይጦች ሬኒናቸው ጨምሮ ግፊታቸው እንደወጣ አሳየ። ኢናላፕሪልም የሚሠራው በዚሁ የሬኒን መንገድ ላይ ስለሆነ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር።

በሰው ላይ ሲሞከር ግን ተስፋው አልያዘም። በአሜሪካ ግፊታቸው ከፍ ያለና ቫይታሚን ዲያቸው ያነሰ 534 ሰዎች ለ6 ወር ያህል ግማሾቹ በቀን 4000፣ ግማሾቹ 400 ዩኒት (የቫይታሚኑ መጠን መለኪያ) ወሰዱ። በሁለቱ ወገኖች ግፊት ላይ ልዩነት አልታየም። በኦስትሪያ የደም ግፊትና የቫይታሚኑ እጥረት አንድ ላይ ያለባቸው 200 ሰዎች የተካፈሉበት ሙከራ ተደርጎ፣ ቫይታሚኑ የደረሳቸው ለ8 ሳምንት በቀን 2800 ዩኒት ወሰዱ፤ ለ24 ሰዓት የተለካው ግፊታቸው እንክብሉን ካላገኙት የተለየ አልሆነም። በ2015 ደግሞ 46 ሙከራዎች ተደምረው ሲታዩ ውጤቱ ያው ነበር።

ሌላውንም ወገን መንገር ተገቢ ነው። በ2013 በ283 ጥቁር አሜሪካውያን ላይ የተደረገ የ3 ወር ሙከራ፣ በቀን ለሚጨመር ለእያንዳንዱ 1000 ዩኒት የላይኛው ግፊት (ከሁለቱ የግፊት ቁጥሮች ትልቁ) በ1.4 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ዝቅ እንደሚል አሳይቷል። በዘር ውርስ ቫይታሚን ዲያቸው ከፍ ያለ ሰዎች ግፊታቸው በጥቂቱ ዝቅ እንደሚልም በ2014 የወጣ ጥናት አመልክቷል። ስለዚህ ግንኙነቱ ጨርሶ የለም ማለት አይቻልም። ሆኖም አንድ የግፊት መድኃኒት በተለመደው መጠን የላይኛውን ግፊት በ9 ገደማ ያወርዳል፤ ግፊት ያለበት ሰው በቀን 4 ግራም ያህል ጨው ቢቀንስ በ5 ገደማ ይወርድለታል። እንክብሉ ለእነዚህ ምትክ ሊሆን አይችልም።

ታዲያ ለምን አብረው ይታያሉ? ውፍረት አንዱ መልስ ነው። ቫይታሚን ዲ በስብ ውስጥ ስለሚከማች ክብደት ሲጨምር በደም ውስጥ ያለው መጠን ይቀንሳል፤ ያው ውፍረት ግፊትንም ያወጣል። ቤት ውስጥ ተቀምጦ መዋል፣ ዕድሜ መግፋትና የኩላሊት ሕመምም እንዲሁ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ያመጣሉ።

"የ13 ወር ፀሐይ ባለበት አገር እጥረት አይኖርም"

በአዳማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች በ174 ተማሪዎች ላይ የተደረገና በ2015 የታተመ ጥናት 42 በመቶው እጥረት እንዳለባቸው አገኘ። ከተሜዎቹ ብቻ ሲታዩ ቁጥሩ ወደ 62 በመቶ ይወጣል፤ የገጠሮቹ 21 በመቶ ገደማ ነበር። ሰማዩ አንድ ነው፤ የሚለየው ከጣራ በታች የሚያልፈው ሰዓት ነው። ወደ እስራኤል የገቡ ኢትዮጵያውያት ላይም እጥረቱ በብዛት እንደሚታይ፣ በእርግዝናና በማጥባት ጊዜም እንደሚብስ በ1995 ተዘግቧል።

ቆዳ ቫይታሚን ዲ የሚሠራበት ጨረር በመስታወት አያልፍም። ስለዚህ በቢሮ መስኮት ወይም በመኪና ውስጥ ያገኘዎት ፀሐይ ያሞቅዎታል እንጂ ቫይታሚን አይሰጥዎትም። የማለዳ 1 ሰዓት ፀሐይም ጨረሩ ደካማ ነው። ቀላሉ መለኪያ ጥላ ነው፦ ጥላዎ ከቁመትዎ ሲያጥር ጨረሩ በቂ ነው፤ በአገራችን ይህ በግምት ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ይሆናል። ጠቆር ያለ ቆዳ ከነጭ ቆዳ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል፤ ክንድና እግር ካልተገለጡ ደግሞ ፊት ብቻውን ብዙም አይሠራም።

በውጭ ያላችሁ፦ በቦስተን ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ቆዳ ቫይታሚን ዲ የመሥራት አቅሙ ከምንም እንደማይቆጠር ከ1988 ጀምሮ ይታወቃል። ለንደንና ስቶክሆልም ከዚያ ወደ ሰሜን ስለሚርቁ ጊዜው ይረዝማል። በዓረብ አገር ቤት ውስጥ ተቀጥረው ለሚሠሩ እህቶቻችን ደግሞ ፀሐዩ ደጅ ላይ እያለ ቀኑ ከውስጥ ያልፋል።

"ፀሐይ ስሞቅ ግፊቴ ይወርዳል፤ ያወረደው ቫይታሚን ዲ ነው"

ፀሐይ ግፊትን በጥቂቱና ለአጭር ጊዜ ሊያወርድ ይችላል። ሆኖም በ2014 በብሪታንያ የተደረገ ሙከራ ቫይታሚን ዲ በማይሠራው የጨረር ዓይነት ቆዳን አሙቆ ግፊት ሲወርድ አየ። በቆዳ ውስጥ የተከማቸ ናይትሪክ ኦክሳይድ ወደ ደም ገብቶ የደም ሥርን ስለሚያላላ ነው። ይህ ጥቅም በእንክብል አይገኝም።

"ቫይታሚን ስለሆነ ቢበዛ አይጎዳም"

ከሁሉም አባባሎች የሚያሳስበን ይሄኛው ነው። ቫይታሚን ዲ እንደ ቫይታሚን ሲ በሽንት አይወጣም፤ ስብ ውስጥ ተቀምጦ ለሳምንታትና ለወራት ይቆያል። ሲበዛ አንጀት ከምግብ የሚወስደውን ካልሲየም ይጨምራል። ካልሲየም በደም ውስጥ ሲበዛ የደም ሥርን ያጠብባል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ጠጠር ያመጣል። ግፊትን እንዲያወርድ ታስቦ ያለ ልክ የተወሰደው እንክብል በዚህ መንገድ ግፊቱን ሊያወጣው ይችላል።

የግፊት ታማሚን በተለይ የሚነካው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነው፤ ሽንት የሚያሸናው የተለመደ መድኃኒት። ይህ መድኃኒት ኩላሊት ካልሲየምን በሽንት የሚያስወጣውን መጠን ይቀንሳል። በላዩ ላይ ከፍ ያለ ቫይታሚን ዲ እና የካልሲየም ክኒን ከተጨመሩ ካልሲየም በሁለት አቅጣጫ ይከማቻል። ሦስቱን አብረው የሚወስዱ ከሆነ ሐኪምዎ በደምዎ ውስጥ ያለውን ካልሲየምና የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየውን ክሬያቲኒን እንዲያይልዎ ይጠይቁ። ለልብ ዲጎክሲን የሚወስድ ሰው ደግሞ የበለጠ መጠንቀቅ አለበት፤ ካልሲየም ሲበዛ የልብ ምት ሊዛባበት ይችላል።

የማይለቅ ጥማት፣ ሽንት ማብዛት፣ የሆድ ድርቀት፣ ማቅለሽለሽና ግራ መጋባት ከታዩ እንክብሉን አቁመው ይመርመሩ።

አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው እቤት ውስጥ ነው። ለእጥረት የሚታዘዘው 50,000 ዩኒት በሳምንት አንድ ፍሬ፣ ብዙውን ጊዜ ለ8 ሳምንት ነው። ይህን በየቀኑ የዋጠ ሰው በአንድ ሳምንት 350,000 ዩኒት ይወስዳል። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ "በሳምንት አንዴ፣ እሁድ" ብለው ይጻፉበት። በማይክሮግራም የተጻፈ ከሆነ በ40 ያባዙት፤ 25 ማይክሮግራም 1000 ዩኒት ነው። ለአዋቂ የሚመከረው የቀን መጠን 600 ዩኒት፣ ከ70 ዓመት በላይ 800 ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በቀን ከ4000 አይለፉ። "አንዴ ተወግቼ ልገላገል" ማለትም አያዋጣም፤ በአውስትራሊያ በዓመት አንዴ 500,000 ዩኒት በአፍ የተሰጣቸው አረጋውያት ካልተሰጣቸው ይልቅ በብዛት ወድቀዋል፣ አጥንታቸውም በብዛት ተሰብሯል።

"ግፊት ያለበት ሁሉ ቫይታሚን ዲውን መመርመር አለበት"

በ2024 የወጣው የአሜሪካ የኢንዶክሪን (የሆርሞን) ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ጤነኛ አዋቂዎች ዝም ብለው እንዲመረመሩ አይመክርም። ግፊት ብቻውንም ምክንያት አይሆንም። መመርመር ያለበት የአጥንት ሕመም ወይም የጡንቻ ድክመት ያለበት፣ አጥንቱ የሳሳ፣ የኩላሊት፣ የጉበት ወይም ምግብ የማይዋሃድበት የአንጀት ሕመም ያለበት፣ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው ነው። እጥረቱ ከተገኘ መታከም አለበት፤ የሚታከመው ግን ለአጥንትና ለጡንቻ ተብሎ ነው።

የሚታዘዘው ምርመራ 25-ሃይድሮክሲ ቫይታሚን ዲ ይባላል። ውጤቱን ሲያዩ መጀመሪያ መለኪያውን ይመልከቱ። 20 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ማለት 50 ናኖሞል በሊትር ነው። አውሮፓ ብዙውን ጊዜ በናኖሞል፣ አሜሪካ በናኖግራም ስለሚጽፉ ከአውሮፓ የመጣ 50 የሚል ወረቀትና አሜሪካ የተሠራ 50 የሚል ወረቀት በጣም የተለያዩ ናቸው።

"በምግብ አገኘዋለሁ"

በጤፍ፣ በሽሮ፣ በምስርና በጎመን ውስጥ ቫይታሚን ዲ የለም ማለት ይቻላል። አንድ እንቁላል 40 ዩኒት ገደማ ይሰጣል፤ ብዙ የሚገኘው እንደ ሳልሞን ካሉ ቅባታማ ዓሦች ነው። ጾም ለሚጾም ሰው ክፍተቱ ይሰፋል። እንክብሉን ከመግዛትዎ በፊትም ይጠይቁ፦ ቫይታሚን ዲ3 አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከበግ ፀጉር ቅባት ነው፤ ለስላሳው ሽፋን ደግሞ ከከብት ወይም ከአሳማ የሚወጣ ጄላቲን ሊሆን ይችላል። ከእርሾ የሚሠራው ዲ2 እና ከድንጋይ ሽበት የሚሠራው ዲ3 ከእንስሳ ነፃ ናቸው። የትኛውም ቢሆን ዘይት ካለበት ምግብ ጋር ሲወሰድ ይሻላል።

"እንክብሉን ከጀመርኩ ወዲህ ግፊቴ ወርዷል"

ግፊት ከቀን ቀን ይለዋወጣል። ሰው እንክብል የሚጀምረው ከፍ ያለ ቁጥር ባየ ማግስት ስለሆነ ቀጣዩ ልኬት ምንም ሳይደረግ ዝቅ ሊል ይችላል። በዚያው ሰሞን ጨው ቀንሶ፣ እግሩን አንቀሳቅሶም ይሆናል። በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ ሲጠና የኢትዮጵያውያን የቀን ጨው በአማካይ 8.3 ግራም ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። በርበሬውና ሚጥሚጣው ውስጥ የገባው ጨው አብሮ ይቆጠራል።

እውነቱን ለማወቅ በትክክል መለካት ያስፈልጋል። ቡና ከጠጡ 30 ደቂቃ ይቆዩ፣ ሽንትዎን ይሽኑ፣ ጀርባዎን አስደግፈውና እግርዎን ሳያነባብሩ 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። የመለኪያው የክንድ መጠቅለያ በልብስ ላይ ሳይሆን በባዶ ክንድ ላይ ይሁን፤ ክንድዎም በልብዎ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። ለክንድ የጠበበ መጠቅለያ ቁጥሩን ከእውነቱ በላይ ያሳያል። በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ7 ቀን ይለኩና ይጻፉ። የመጀመሪያውን ቀን ጥለው የቀሪውን አማካይ ያውጡ። እቤት የተለካ አማካይ 135/85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊቱ አልተስተካከለም። መድኃኒት እንዲቀነስልዎ ሲፈልጉ ይዘውት የሚሄዱት ይህን ወረቀት ነው፤ ሐኪምዎ አይቶት እስኪወስን ድረስ የሚወስዱትን አያቋርጡ። ቁጥሩ 180/120 ካለፈና የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ እጥረት፣ የፊት መጣመም ወይም የእጅ መዛል ካለ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።