ኢፒሲ ፕላስ ኤፍ ምንድን ነው?

የውጭ ተቋራጭ አንዳንዴ ሥራውን ብቻ ሳይሆን ብድሩንም ይዞ ይመጣል። ዲዛይኑን፣ የዕቃ ግዥውንና ግንባታውን ጠቅልሎ መያዝ ኢፒሲ ይባላል። ኤፏ ፋይናንስ ናት። ነገሩ "ልሥራልህ፣ አበዳሪም አመጣልሃለሁ" ነው።

ገንዘቡ ታዲያ ከተቋራጩ ኪስ አይወጣም። አብዛኛውን ጊዜ አበዳሪው የአገሩ ኤክዚም ባንክ ነው። የዚህ ዓይነት ባንክ ሥራው ያገሩ ኩባንያዎች ውጭ አገር እንዲሸጡ ማገዝ ነው፤ መንገድና ባቡር መገንባትም ለእሱ ኤክስፖርት ነው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርን እንይ። 34 ኪሎ ሜትር ነው፣ ዋጋው 475 ሚሊዮን ዶላር። የገነባው የቻይናው ሲአርኢሲ፣ 85 በመቶውን ያበደረው ደግሞ የቻይና ኤክዚም ባንክ። የአዋሽ–ሐራ ገበያን ባቡር የያዘው ያፒ መርከዚም የቱርክን ኤክዚም ባንክ ከኋላው አሰልፎ ነው የመጣው።

ለኩባንያው ይህ ትልቅ ነገር ነው። በማያውቀው አገር ዋናው ስጋቱ ሠርቶ ገንዘቡን አለማግኘት ነው። እዚህ ግን ብዙ ጊዜ ባንኩ በቀጥታ ለተቋራጩ ይከፍላል፣ ያውም በውጭ ምንዛሪ። ዕዳው የሚመዘገበው በአሠሪው መንግሥት ስም ነው። የኛ ተቋራጮች ለምን ውጭ ወጥተው አይሠሩም ሲባል ሰው ቶሎ ችሎታቸው ላይ ይዘምታል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ከኋላቸው የቆመው ባንክ የታለ ብዬ ነው።

አሠሪው አገርስ? ፕሮጀክቱን ቶሎ ያገኛል፤ የመምረጥ ዕድሉ ግን ይጠብባል። አበዳሪው ያገሬን ኩባንያ ውሰድ ስለሚል ግልጽ ጨረታ ብዙ ጊዜ የለም። የጊቤ 2 ኃይል ማመንጫ ግንባታ ለጣሊያኑ ሳሊኒ የተሰጠው ያለ ጨረታ ነበር፤ የጣሊያን መንግሥትም 220 ሚሊዮን ዩሮ አበደረ። ተወዳዳሪ በሌለበት ዋጋው ተወደደ ወይስ ረከሰ ብሎ መከራከር ከባድ ነው። ከዚያ ደግሞ ዕዳው አለ። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ብድር በ10 ዓመት የሚያልቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም ከቻይና ጋር መደራደር ግድ ሆነ።

እንዲህ ያለ ዜና ስታነቡ የተፈረመው የትኛው ውል እንደሆነ እዩ። የግንባታ ውልና የብድር ውል ይለያያሉ፤ ሁለተኛው እስኪፈረም የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ይቀመጣል። የአዋሽ–ሐራ ገበያ ውል የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ ግንባታው በይፋ የተጀመረው ግን በ2015።