ሐኪም ጻፈው ማለት ተረጋገጠ ማለት አይደለም

«መጽሐፉ ላይ አለ እኮ! የጻፈው ደግሞ ዶክተር ነው።» ይህን መስማት ሰልችቶኛል። ሐኪም ነኝ፤ ስለ ሳይንስና ጤና ለሁሉም አንባቢ የሚጻፉ መጻሕፍትን እወዳለሁ፣ ለሰውም አውሳለሁ። ግን ብዙ ሰው ከሚገባው በላይ ያምናቸዋል።

ትልቁ ስህተት አሳታሚው እያንዳንዱን መረጃ አጣርቶ ነው የሚያትመው ብሎ ማሰብ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አያጣራም። በሳይንስ ጆርናል የሚወጣ ጥናት ሌሎች ተመራማሪዎች ያዩታል፣ እነሱንም ቢሆን የሚያመልጣቸው አለ። የመጽሐፍ አርታኢ ግን በዋናነት የሚያየው ቋንቋውንና አቀራረቡን ነው። መረጃ አጣሪ የሚቀጥር ደራሲ ካለም ብዙውን ጊዜ ከኪሱ ከፍሎ ነው።

ደራሲው አንቱ የተባለ ምሁር ቢሆንስ? የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካነማን በ2002 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኖቤል ተሸልሟል። በ2011 ባወጣው ዝነኛ መጽሐፉ፣ ጥቃቅን ፍንጮች ሳይታወቀን ባህሪያችንን ይቀይራሉ የሚሉ ጥናቶችን ደርድሮ፣ አለማመን አይቻልም እስከ ማለት ደርሶ ነበር። ከጥናቶቹ አንዳንዶቹ በሌሎች ሲደገሙ ያው ውጤት አልተገኘም። በ2017 ራሱ ካነማን በጥቂት ሰዎች ላይ በተሠሩ ጥናቶች ከልክ በላይ መተማመኑን በይፋ ጻፈ። ለዚህ አከብረዋለሁ። ቀድሞ የተሸጠውን መጽሐፍ የያዘ አንባቢ ግን ይህን ከየት ያውቃል?

አንድ ታካሚዬ የደም ግፊት መድኃኒቱን አቁሞ መጣ። ያሳመነውን የጤና መጽሐፍ በእጁ ይዞታል፣ ገጹ በቢጫ ተሰምሮበታል። ግፊቱን ስለካው 190 በ110! ያሰመረበትን ጥናት ከመጽሐፉ ጀርባ ካለው የማስታወሻ ዝርዝር ፈልገን ስናየው፣ የተሠራው በአይጦች ላይ ነው። ደራሲው ገጹ ላይ ስለ አይጥ አንድም ቃል አላነሳም።

በእንዲህ ያሉ መጻሕፍት የሚነገሩ ሌሎች አባባሎችን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። በሰውነታችን ያሉ ባክቴሪያዎች ከራሳችን ሴሎች 10 እጥፍ ይበዛሉ? አይበዙም፤ በ2016 የወጣው ስሌት 38 ትሪሊዮን ገደማ ባክቴሪያና 30 ትሪሊዮን ገደማ ሴል ነው ያለው። 10 ሺህ ሰዓት የተለማመደ ሁሉ ሊቅ ይሆናል? ቁጥሩ በ1993 ከወጣ ጥናት የተወሰደ የጎበዝ ቫዮሊን ተማሪዎች አማካይ ነው፣ መስፈርት አይደለም። ዛፎች ከመሬት በታች ባለ የፈንገስ መረብ ልጆቻቸውን ይመግባሉ? በ2023 ማስረጃውን የመረመሩ ባለሙያዎች ጫካ ውስጥ ይህን የሚያሳይ በቂ ነገር አላገኙም።

ስታነቡ ከጀርባ ያለውን ማስታወሻ ግለጡት። በሰው ላይ ነው የተሠራው ወይስ በእንስሳ? ስንት ሰው ላይ? ሌላ ቡድን ደግሞታል ወይ? «አደጋውን በእጥፍ ይጨምራል» የሚል ካያችሁ ከስንት ወደ ስንት ብላችሁ ጠይቁ፤ ከ10 ሺህ ሰው አንዱን ይይዝ የነበረ በሽታ ሁለት ሰው ቢይዝም እጥፍ ነው። የታተመበትን ዓመትም እዩ። መድኃኒት ግን በመጽሐፍ ምክር እንዳታቆሙ። መጽሐፉን ይዛችሁ ሐኪማችሁ ጋ ሂዱና ገጹን አሳዩት።