አሌክሳንደር ቦሮዲን፦ ኬሚስቱ የሙዚቃ ደራሲ

የቦሮዲን እንጀራው ኬሚስትሪ ነበር። ሙዚቃ የሚጽፈው ጊዜ ሲተርፈው ብቻ ነው።

የተወለደው በ1833 እ.ኤ.አ. ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ነው። አባቱ የጆርጂያ መስፍን ነበር። ከጋብቻ ውጭ ስለተወለደ ግን በአንድ የአባቱ ገባር ስም ተመዘገበ። ሕክምና ተማረ፤ ጀርመን ሄዶ ኬሚስትሪ አጠና፤ በ1864 በተማረበት አካዳሚ ፕሮፌሰር ሆነ። እሱና ፈረንሳዊው ኬሚስት ዉርትዝ በየፊናቸው የደረሱበትን የአልዶል ሪአክሽን (ትናንሽ የካርቦን ሞለኪውሎችን አጣምሮ ትልቅ የሚያደርግ ለውጥ) ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የሚያጠና ሁሉ ዛሬም ይማረዋል።

በ1862 ከሙዚቃ ደራሲው ከባላኪሬቭ ጋር ሲተዋወቅ ሙዚቃን የምር ያዘው። ሁለቱ ከሌሎቹ የሙዚቃ ደራሲዎች ከኩዊ፣ ከሙሶርግስኪና ከሪምስኪ-ኮርሳኮቭ ጋር «አምስቱ» ተባሉ። ሩሲያ ሩሲያ የሚሸት ሙዚቃ ነበር የሚፈልጉት።

ጊዜ ግን ከየት ይምጣ? ማስተማሩ አለ፣ ላቦራቶሪው አለ፣ ቤቱ በዘመድና በድመት የተሞላ ነው። በብርዱ ወራት የሚጽፈው ታሞ ሲቀር ብቻ ስለሆነ፣ ወዳጆቹ ጤናውን ሳይሆን ሕመሙን እንደሚመኙለት በደብዳቤ ጽፏል። በ1869 የጀመረው «ልዑል ኢጎር» ኦፔራ ዓመታት ፈጀ። ከኦፔራው «የፖሎቬትስ ጭፈራዎች» የተባለው ክፍል ለኮንሰርት ሲፈለግ ቦሮዲን ሪምስኪ-ኮርሳኮቭ ቤት ድረስ ሄዶ አብረው ለኦርኬስትራ ጻፉት። ቦሮዲን የእርሳሱ ጽሑፍ እንዳይጠፋ ወረቀቱን ጄላቲን ቀባው። ከዚያም ቶሎ እንዲደርቅ እንደ ታጠበ ልብስ ገመድ ላይ አሰጣው!

ብዙዎች «ጊዜውን አባከነ» ይሉታል። እኔ አልስማማም። በ1872 ለተጀመረው የሴቶች የሕክምና ትምህርት ከልቡ ታግሏል፤ ራሱም አስተምሯል። በሩሲያ ሴት ሐኪሞች እንዲወጡ የተለፋበት ሥራ እንዴት ብክነት ይባላል?

በየካቲት 1887 በአንድ የጭፈራ ግብዣ ላይ ድንገት ወድቆ ሞተ። ዕድሜው 53 ነበር። ኦፔራውን ሪምስኪ-ኮርሳኮቭና ወጣቱ የሙዚቃ ደራሲ ግላዙኖቭ ጨረሱት። ግላዙኖቭ መክፈቻውን የጻፈው ቦሮዲን በፒያኖ ሲጫወተው ከሰማው በትዝታ ነው። በ1890 በማሪንስኪ ቴአትር ለመድረክ በቃ።

ዜማዎቹ አሜሪካም ገብተዋል። በ1953 በኒውዮርኩ የቴአትር መንደር በብሮድዌይ የወጣው «ኪስሜት» የተባለ ሙዚቃዊ ቴአትር የተሠራው በእነሱ ነው፤ በ1954 ለሟቹ ቦሮዲን ቶኒ የተባለውን የአሜሪካ የቴአትር ሽልማት አስገኝቶለታል። ለቦሮዲን አዲስ የሆነ ሰው ግን በሁለተኛው የስትሪንግ ኳርቴት (ለሁለት ቫዮሊን፣ ለቪዮላና ለቼሎ የተጻፈ ሙዚቃ) ቢጀምር ይሻላል። በ1881 ጽፎ ለባለቤቱ ለኤካቴሪና ያበረከተላት ነው። ሦስተኛው ክፍል ላይ ዜማውን የሚጀምረው ቼሎው፣ ማለትም ወፍራም ድምፅ ያለው ትልቁ የቫዮሊን ዘመድ ነው፤ ቦሮዲን ራሱ ይጫወተው የነበረው መሣሪያ።