ሲጋር በቀለበቱ አይመዘንም

በእጅ የተጠቀለለ ውድ ሲጋር እጃችን ሲገባ ብዙዎቻችን ገና ሳንለኩሰው ፈርደን እንጨርሳለን። ቀለሙን አይተን፣ ወረቀት ቀለበቱን አንብበን፣ አገሩን ጠይቀን፣ በቃ። ስለ ሲጋር የሚወራው ስህተትም አብዛኛው የሚመጣው ከዚሁ ነው።

«ጥቁሩ ኃይለኛ ነው»

ይሄ በጣም የተለመደው ነው። ከላይ የምናየው አንድ የመጠቅለያ ቅጠል ብቻ ነው። ማዱሮ የሚባለው ጥቁር ቡናማ መጠቅለያ የሚጠቁረው በደንብ ስለሚብላላ ነው፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ወደ ቸኮሌትና ወደ ቡና የሚያደላ፣ ጣፈጥ ያለ ጣዕም አለው። ጉልበቱ በአብዛኛው የሚመጣው ከውስጥ ነው። ከተክሉ ጫፍ የሚለቀም፣ ፀሐይ የጠገበ፣ ሊጌሮ የሚባል ወፍራም ቅጠል አለ፤ እሱ ውስጡ በዛ ካለ ኮኔቲከት የሚባለውን ነጣ ያለ መጠቅለያ የለበሰው ሲጋርም ራስ ያዞራል። በርበሬስ ቢሆን ስለቀላ ብቻ መች ያቃጥላል?

ደግሞ ጉልበትና ጣዕም አንድ አይደሉም። ጉልበት ኒኮቲን ነው፣ ሆድና ራስ ላይ ይታወቃል። ጣዕም አፍና አፍንጫ ውስጥ ነው። ለስላሳ ሆኖ ጣዕሙ የሞላ ሲጋር አለ፣ ጉልበት ብቻ ኖሮት ምንም የማይልም አለ።

«ካልዋጡት ጣዕሙ አይገኝም»

የሲጋር ጭስ ወደ ሳንባ አይሳብም። አፍ ውስጥ ይቆይና ይወጣል። ጣዕም የምንለው ነገር አብዛኛው ሽታ ስለሆነ ቀማሾች አብዛኛውን ጭስ በአፍ ካስወጡ በኋላ የቀረችውን ጥቂት በአፍንጫ ቀስ አድርገው ይለቋታል፤ ዝግባው፣ ቆዳው፣ ቁንዶ በርበሬው፣ ለውዙ የሚለየው ያኔ ነው። መጀመሪያ ላይ አይን ያስለቅሳል።

ከዚሁ ተነስተው «ሳንባ ካልገባማ አይጎዳም» የሚሉ አሉ። ውሸት ነው! ኒኮቲኑ በአፍ ቆዳ በኩልም ወደ ደም ይገባል፣ ጭሱም የአፍ፣ የጉሮሮና የምግብ ቧንቧ ካንሰር ያመጣል። አንድ ትልቅ ሲጋር የአንድ ፓኮ ሲጋራ ያህል ትምባሆ ሊይዝ ይችላል።

«የኩባ ካልሆነ ሲጋር አይባልም»

ኩባ ውስጥ ፒናር ዴል ሪዮ በሚባለው ግዛት ያለው የቡዌልታ አባሆ መሬት ለትምባሆ ድንቅ ነው፣ ክርክር የለውም። ግን የካስትሮ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1960 ፋብሪካዎቹን ሲወርስ ብዙ ባለሙያዎች ሙያቸውን ይዘው ተሰደዱ። ዛሬ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ ከሆንዱራስ፣ ከኒካራጓዋ ኤስቴሊ የሚመጣው ሲጋር ከኩባው ጋር አንገት ለአንገት ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1962 የጣለችው ማዕቀብ ደግሞ የኩባውን ዝና ጨመረለት እንጂ አልቀነሰበትም፤ የተከለከለ ነገር መቼም ይጣፍጣል። እውነቱን ማወቅ የፈለገ ቀለበቱን ሌላ ሰው አውልቆለት፣ ስሙን ሳያውቅ ይቅመስ። ክዳኑ መስታወት የሆነ ሳጥን ውስጥ ያለ «ኮሂባ» የሚባለው ዝነኛ የኩባ ሲጋር ካጋጠማችሁ ግን መቅመስም አያስፈልግም፣ ፎርጂድ ነው።

በሴቶች ጭን ላይ ይጠቀለላል የሚባለውስ? ተረት። የሚጠቀለለው ጠረጴዛ ላይ፣ ቻቬታ በምትባል ጠፍጣፋ ቢላ እየተከረከመ ነው። በኩባ ፋብሪካዎች ግን እ.ኤ.አ. ከ1865 ጀምሮ ለሠራተኞቹ ጋዜጣና ልብወለድ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው መኖሩ እውነት ነው፣ ለእኔ ከጭኑ ወሬ ይሄኛው ይበልጣል።

«ነጭ አመድ የጥራት ምልክት ነው»

የአመዱ ቀለም በአብዛኛው የሚናገረው ትምባሆው ስለበቀለበት አፈር ማዕድን ነው። ጠንከር ብሎ ረዘም የሚል አመድ ውስጡ ያልተቆራረጠ ሙሉ ቅጠል መሆኑን ሊጠቁም ይችላል። ሆኖም ማን ያስረዝም ውድድር ውስጥ አትግቡ፣ ሱሪ ላይ ነው የሚያርፈው።

«መጨረሻው መረረ፣ ስለዚህ መጥፎ ነው»

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአጫሹ ነው። ቶሎ ቶሎ ሲሳብ ይግላል፣ ሲግል ይመራል። በደቂቃ አንዴ ገደማ ይበቃል። ጥሩ ሲጋር እየነደደ ሲሄድ ጣዕሙ ስለሚለዋወጥ ቀማሾች ለሦስት ከፍለው ነው የሚመዝኑት፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ስቦች ፍርድ መስጠት ችኮላ ነው። በዝግታ ይዛችሁትም ከመጀመሪያው አንስቶ ጭሱ አልመጣ ካለ ወይም አንድ ጎኑ ብቻ እየሸሸ ከነደደ፣ ያኔ የጠቀለለውን ሰው ወይም ሲጋሩ የተቀመጠበትን ሁኔታ መውቀስ ይቻላል።

ሲበቃችሁ ደግሞ እንደ ሲጋራ መተርኮሻው ላይ አትደፍጥጡት፣ ቤቱን ያገማዋል። ዝም ብላችሁ ብታስቀምጡት በራሱ ይጠፋል።