«ኒቂያ ላይ በድምፅ የተሾመ አምላክ» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

ባሕር ዳር ውስጥ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር ስለ ሃይማኖት የተጨዋወተ ሰው የሚከተሉትን ሳይሰማ አይቀርም።

«ክርስትና ነጮች ያመጡት ሃይማኖት ነው።»
ኢየሱሳውያን የተባሉት አውሮፓውያን የካቶሊክ ሚስዮናውያን በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጣና ዳር ጎርጎራ ላይ ሲሠፍሩ፣ ከንጉሥ ዒዛና ዘመን ጀምሮ ከ1,200 ዓመት በላይ የቆየች ቤተ ክርስቲያን አግኝተዋል። ይህ ለስሕተቱ በቂ መልስ ነው። ጥንታዊነት ብቻውን ግን እውነተኛነትን አያረጋግጥም፤ የእኛ ሰው ይህን መዘንጋት ይወዳል።

«የኢየሱስን አምላክነት የወሰነው የኒቂያ ጉባኤ ነው።»
ጉባኤው እ.ኤ.አ. በ325 የተሰበሰበው አርዮስ «ወልድ ፍጡር ነው» በማለቱ ነው። አርዮስ እንኳ ተራ ሰው ነው አላለም። ደግሞም ከጉባኤው ሁለት መቶ ዓመት በፊት፣ በ112 አካባቢ፣ ኒቂያ የምትገኝበትን የቢታንያን አውራጃ ያስተዳድር የነበረው ሮማዊው ፕሊኒ፣ ክርስቲያኖች ጎሕ ሳይቀድ ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ እንደሚዘምሩ ለንጉሠ ነገሥቱ ጽፏል። ፕሊኒ ክርስቲያኖችን የሚያስገድል ሹም ነበር፤ ሊያሞካሻቸው አልጻፈም።

«ትንሣኤ ከዘመናት በኋላ የተፈጠረ አፈ ታሪክ ነው።»
ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈው ከስቅለቱ ሃያ አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። በምዕራፍ 15 የተነሣውን ጌታ ያዩትን ሲዘረዝር ኬፋን (ጴጥሮስን) እና ያዕቆብን በስም ይጠራል፤ ከአምስት መቶ የሚበልጡ ወንድሞችም እንዳዩትና አብዛኞቹ ገና በሕይወት እንዳሉ ይናገራል። ይህንንም እኔ የተቀበልሁት ነው ይላል። ከማን? ለገላትያ ሰዎች እንደነገራቸው ኢየሩሳሌም ወጥቶ ከጴጥሮስ ጋር 15 ቀን ተቀምጧል፤ ያዕቆብንም አይቷል። ምስክሮቹ በአካል የሚጠየቁ ነበሩ። ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው ደግሞ፣ የሴት ምስክርነት በሚናቅበት አገር፣ ባዶውን መቃብር ለሴቶች አያሳይም፤ ሉቃስ ሐዋርያቱ ራሳቸው ወሬውን እንደ ቅዠት እንደቆጠሩት ሳይደብቅ ጽፏል። ያዩት ራእይ ነው የሚል ሰው ሊደመጥ የሚገባው ክርክር አለው፤ አፈ ታሪክ ነው የሚለው ግን ዘመኑ አይበቃውም።

«አይሁዳዊው ዮሴፍ ኢየሱስ ክርስቶስ መሆኑንና መነሣቱን መስክሯል።»
ይህኛው የአማኞች ስሕተት ነው። የአንደኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ ጸሐፊ ፍላቪዩስ ዮሴፍ ስለ ኢየሱስ ከጻፈው ክፍል ውስጥ የክርስቲያን ገልባጮች እጅ እንደገባበት አብዛኞቹ ሊቃውንት ይስማማሉ፤ እሱን ይዞ መከራከር ራስን ለትችት መስጠት ነው። ክርክር ብዙም የማይነሣበት ሌላ አጭር ቃል አለው፦ «ክርስቶስ የተባለው የኢየሱስ ወንድም» ያዕቆብ በ62 አካባቢ በኢየሩሳሌም መወገሩን ይተርካል። የዮሐንስ ወንጌል የኢየሱስ ወንድሞች አላመኑበትም ነበር ይላል። ጳውሎስ ደግሞ ያዩት ብሎ ከዘረዘራቸው አንዱ ይኸው ያዕቆብ ነው።